መሪው የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ልጆችዎን ጭነው በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ እየሄዱ ነው። ፍጥነትዎ 90 ሲደርስ የአሮጌዋ መኪናዎ መሪ እጅዎ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቀነስ ሲያደርጉ ይተዋል። ሰኞ ጋራዥ ሲወስዷት መካኒኩ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድቶ «ምንም የላትም» ይልዎታል። አልዋሸም፤ በከተማ ፍጥነት ችግሩ አይታይም። ስለዚህ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ልብ ብለው ይንገሩት።

ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የፊት ጎማዎች ባላንስ ነው። ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው ትንሽ ክብደት ሲወድቅ ወይም ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ሲደርቅ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጭቃው ሲረግፍ ችግሩም ስለሚጠፋ ባለመኪናውን ያደናግራል። ጎሚስታው ዘንድ ቸርኬው ታጥቦ ባላንስ ይሠራ። አላይመንት ብቻ ማሠራት ግን ብዙውን ጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ እሱ የሚያርመው መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስትስብ ነው።

ፍሬን ሲይዙ ብቻ ከሆነ የፊት ፍሬን ዲስኮች ይታዩ። ጉድጓድ ከመቱ በኋላ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ይነቅንቅ፤ የላላ የመሪ መገጣጠሚያ ወይም ያለቀ ኩሽኔታ በዚያ ይታወቃል።

ንቅጥቅጡ በድንገት ከባሰ ወይም በዝግታ ሲነዱም ካልተወ ዳር ይዘው ይቁሙ። የጎማ ብሎን ላልቶ ወይም ጎማው አብጦ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ጭነው «ትንሽ ልሞክራት» አይበሉ።