አርተር ባልፉርና የ1902ቱ የትምህርት ሕግ

የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር አርተር ጄምስ ባልፉር በአብዛኛው የሚታወሰው፣ በ1917 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ በፍልስጥኤም ለአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ መኖሪያ መመሥረትን በመደገፍ በጻፈው ደብዳቤ ነው። ለትምህርት ባለሙያዎች ግን ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ሥራው የ1902ቱ የትምህርት ሕግ ነው። ሕጉ ባልፉርን ለምርጫ ሽንፈት ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ የመሠረተው የትምህርት አስተዳደር ግን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባልፉር በ1848 በስኮትላንድ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1874 የፓርላማ አባል ሆነ፤ ፍልስፍናም ይጽፍ ነበር። ከ1887 እስከ 1891 የአየርላንድን ጉዳይ በሚኒስትርነት ከመራ በኋላ፣ በሐምሌ 1902 አጎቱን ሎርድ ሳልዝበሪን ተክቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ከ1870 ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ ሁለት ዓይነት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አንደኞቹ በሕዝብ በተመረጡ ቦርዶች የሚመሩና ከአካባቢ ግብር የሚደገፉ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋሙ ነበሩ። ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት የሚማሩት በሁለተኞቹ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ድጎማ ቢያገኙም ከአካባቢ ግብር ምንም ስለማይደርሳቸው በገንዘብ ችግር ተይዘው ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም ቁርጥ ያለ ኃላፊ አልነበረውም። አንዳንድ ቦርዶች ከፍ ያለ ትምህርት መስጠት ቢጀምሩም፣ በ1901 ፍርድ ቤት የግብሩን ገንዘብ ለዚህ ማዋል ከሕግ ውጭ መሆኑን ወሰነ።

ሮበርት ሞራንት በተባለ የመንግሥት ባለሥልጣን እርዳታ የተዘጋጀው ሕግ በታኅሣሥ 1902 ጸደቀ። በዚሁ መሠረት ከ2,500 የሚበልጡት ቦርዶች ተሰርዘው ሥልጣናቸው ለአውራጃና ለከተማ ምክር ቤቶች ተላለፈ። ምክር ቤቶቹም የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ከመምራት በላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንዲያቋቁሙና መምህራንን እንዲያሠለጥኑ ተፈቀደላቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የመምህራን ደመወዝና የዕለት ተዕለት ወጪ ከግብር እንዲሸፈን ሆነ። በአንጻሩ ሕንጻውን የማቅረብ ግዴታ በባለቤቶቹ ላይ ቀረ፤ ከስድስቱ የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎችም አራቱን የሚመርጡት እነርሱው ነበሩ።

ከባዱ ተቃውሞ የተነሣው ከዚህ ነው። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶች፣ የማያምኑበትን ሃይማኖታዊ ትምህርት በግብራቸው እንዲደግፉ መገደዳቸውን ኅሊናቸው አልተቀበለውም። በቄስ ጆን ክሊፎርድ መሪነት ብዙዎች ግብር አንከፍልም አሉ፤ ንብረታቸው በሐራጅ ተሸጠ፣ አንዳንዶቹም ታሰሩ። በዌልስ በሎይድ ጆርጅ ግፊት ምክር ቤቶች ሕጉን በሥራ ላይ ለማዋል እምቢ በማለታቸው፣ መንግሥት በ1904 ሌላ አስገዳጅ ሕግ አወጣ።

በዚህ ላይ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ቀረጥ ጉዳይ ፓርቲው ስለተከፋፈለ፣ ባልፉር በታኅሣሥ 1905 ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1906ቱ ምርጫ ፓርቲው በከፍተኛ ልዩነት ሲሸነፍ፣ እርሱም የማንችስተር መቀመጫውን አጣ። አሸናፊዎቹ ሊበራሎች ሕጉን ለማሻሻል በዚያው ዓመት ያቀረቡት ረቂቅ ግን በሎርዶች ምክር ቤት ተሰናከለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት በዚሁ መሠረት ላይ ገነቡ። በ1907 በመንግሥት የሚደጎሙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ደረጃ ለሚመጡ ተማሪዎች ሩብ ያህሉን ቦታ በነጻ እንዲሰጡ ተወሰነ። የ1944ቱ የትምህርት ሕግም የአካባቢ ባለሥልጣኖችን ቁጥር ቢቀንስም ሥርዓቱን አላፈረሰም። ባልፉር ይህን ሳያይ በ1930 ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎች ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ የትምህርት ደረጃዎች በአንድ አካል ኃላፊነት ሥር ሲጠቃለሉ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መንገድ መቃናቱ ነው። ሁለተኛው፣ ወጪውን የሚሸፍነው ሕዝብ በአስተዳደሩ የሚኖረው ድርሻ አስቀድሞ በምክክር ካልተወሰነ፣ ጠቃሚ ሕግም ቢሆን በሚያገለግለው ሕዝብ ዘንድ እንደ በደል መቈጠሩ ነው። ባልፉር የመጀመሪያውን አሳካ፤ ሁለተኛውን በመዘንጋቱ ግን ፓርቲው በምርጫ ሣጥን ዋጋውን ከፈለ።