ትክል ድንጋይን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ባለፈው ክረምት እንግሊዝ አገር ከሚኖረው አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ስሄድ አያቴ፣ «ያየኸውን ሁሉ በፎቶግራፍ አምጣልኝ» ብላ አደራ ሰጥታኝ ነበርና፣ በዚሁ ምክንያት የተማርኩትን ለአንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በሰሜን እንግሊዝ፣ ኬዚክ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ካስልሪግ የሚባል ደጋማ ስፍራ አለ። በዚያም ከ4,500 ዓመት በላይ የቆዩ፣ ወደ 40 የሚጠጉ ትክል ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቆመዋል። የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን ተራሮች ከበውታል፤ ከነዚህም ስኪዶ የተባለው 931 ሜትር ከፍታ አለው። ይህ ለእኛ አገር ሰው ቆላ ነው፤ ብርዱና ጉሙ ግን እንጦጦን ያስንቃል።

በመጀመሪያው ቀን በቀትር ደርሰን፣ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ብዙ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ማታ ስናያቸው ግን ድንጋዮቹ በሣር ላይ የተበተነ ድንች መስለው ተገኙ። ለመመለስ የቀረን አንድ ጧት ብቻ ስለ ነበረ እጅግ አዘንኩ። አጎቴም፣ «ልጄ፣ ፀሐይ ከጀርባህ ስትሆን ጥላው ከድንጋዩ ኋላ ይደበቃል። ጥላ ከሌለ ጎድጓዳውና ጎባጣው አይለይም። ነገ ማልደን እንሂድ» አለኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ጉሙ እስኪገለጥ ብዙ ቆየን፤ ጣቶቼም ደነዘዙ። በመጨረሻ ፀሐይ ከተራራው በላይ ብቅ ስትል፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ሆኜ ቆምኩ። የድንጋዮቹ ጥላ በሣሩ ላይ ረዘመ፤ ስንጥቃቸው ሁሉ ታየ። ቁመታቸው እንዲታወቅም አጎቴን በአንዱ አጠገብ አቆምኩት።

ፎቶግራፍ ዓይን የሳተውንም ያሳያል። በስቶንሄንጅ አጠገብ የነበረው የጥንት መንገድ ከፊሉ በእርሻ ጠፍቶ ነበር። ክሮፎርድ የተባለው ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1921 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን በ1923 ሲመረምር ፈለጉን አገኘ። ይኸውም ሊሆን የቻለው ቦይ ተቆፍሮ በተደፈነበት ስፍራ አፈሩ ጥልቅና እርጥብ ስለሚሆን፣ አዝመራው ከሌላው ይልቅ ስለሚለመልም ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ጥንታዊ ቦታ ስትሄዱ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ሂዱ፤ ብርሃኑን ከጎን አድርጉ፤ በድንጋዮቹ ላይ አትውጡ፤ በደጋ አገር ደግሞ ለካሜራው የዝናብ መሸፈኛ፣ ለራሳችሁም ካፖርት አትርሱ።

አያቴ የቀትሩን ፎቶግራፍ አይታ ዝም አለች። የጧቱን ስታይ ግን መነጽሯን አስተካክላ፣ «ይህን ሁሉ ማን ተሸክሞ አቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ። አደራዬን የተወጣሁት ያን ጊዜ መሰለኝ። በሚመጣው ዓመት ክፍላችን የጢያን ትክል ድንጋይ ለማየት ቢሄድ፣ መኪናው ገና ሳይነጋ እንዲነሣ መምህራችንን ከወዲሁ እለምናለሁ።