ጠበቃ ከፊርማ በፊት

በአዲስ አበባ በየኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ የሚዘጋጁ የንግድ ውሎች መደምደሚያቸው ተመሳሳይ ነው። ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው 50,000 ብር፣ ለመንግሥት 10,000 ብር ገደብ ይከፍላል፤ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው ይባላል። የገንዘቡ መጠን ከውል ውል ይለያይ እንጂ ቃሉ አይለወጥም። የሱቅ ኪራይም ሆነ የሲኖትራክ ሽያጭ ወይም የሰሊጥ አቅርቦት መጨረሻው ይኸው ነው። ተዋዋዮቹ ሳያነቡት ይፈርማሉ፣ ምስክሮቹ ይከተላሉ፣ ቅጂው ተጣጥፎ ኪስ ይገባል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን እያንዳንዳቸው ጥርስ አላቸው። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠር መሆኑን ይደነግጋል። ቁጥር 2005 ደግሞ የተፈረመው ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ስለ ስምምነቱና ስለ ቀኑ ሙሉ ማስረጃ እንደሆነ ይናገራል፤ ተከታዩ ቁጥር የጽሑፉን ቃል በሰው ምስክር ማስተባበልን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። «በቃል ግን የተስማማነው ሌላ ነበር» የሚል ነጋዴ ችሎት ፊት የሚገጥመው ይህ ግድግዳ ነው። የስም ማዛወሪያ ግብር ለመቀነስ ሲባል በሚመዘገበው ውል ላይ አነስተኛ ዋጋ ጽፎ እውነተኛውን በሌላ ወረቀት የሚይዝ ሰውም ጠብ የተነሣ ቀን የራሱ ፊርማ ይመሰክርበታል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥር 1889 የሚመለከተው የገደቡ ነገር ነው። ዋጋው 8 ሚሊዮን ብር የሆነ ማሽን ለማቅረብ ውል የገባ ነጋዴን እናስብ። ገደቡ 50,000 ብር ነው። ማሽኑ ሳይመጣ ቀርቶ የገዢው ፋብሪካ ለወራት ቢቆምስ? ሕጉ ገደብን የሚመለከተው አስቀድሞ እንደተቆረጠ ካሣ አድርጎ ነው። በቁጥር 1892 መሠረት ባለመብቱ ምንም ጉዳት ባይደርስበት እንኳ ገደቡን መጠየቅ ይችላል። ከገደቡ በላይ መጠየቅ የሚችለው ግን ሌላው ወገን ውሉን ያልፈጸመው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ወይም ጥፋት መሆኑን ካስረዳ ብቻ ነው። ማስፈራሪያ ይሆናል ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የካሣው ጣሪያ ሆኖ ያርፋል። በዚያ ላይ ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጨማሪ ግዴታ የተቆረጠ ካልሆነ በስተቀር፣ ባለመብቱ የውሉን አፈጻጸምና ገደቡን አንድ ላይ መጠየቅ አይችልም፤ መምረጥ አለበት። የመዘግየት ገደብና ጭራሽ ያለመፈጸም ገደብ ተለያይተው መጻፍ ያለባቸው ለዚህ ነው። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። ሁለቱ መስመሮች ስላልተጻፉ ብቻ ፋብሪካው ቆሞ 50,000 ብር የሚቆጥር ሰው ሊኖር ይችላል። «ለመንግሥት» የሚባለው ገንዘብማ መንግሥት በተዋዋይነት ያልገባበት ጉዳይ ነውና ለተጎዳው ወገን ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ብዙው ነጋዴ ጠበቃ የሚያውቀው በችሎት ነው፤ ነገር ሲበላሽ የሚጠራ ተሟጋች አድርጎ ነው የሚያስበው። ውል ላይ ደላላው፣ ጸሐፊውና ሁለት ምስክር ይበቃሉ ይላል። ጠበቃ ይዞ ለድርድር መቅረብ ደግሞ «አላመንኩህም» ማለት መስሎ ይታየዋል። ይህን ስሜት አልንቀውም፤ ንግዳችን ለዘመናት የቆመው በመተማመን ነው። ነገር ግን ሕጋችን ለሚተማመኑ ሰዎች የሚያዝን ሕግ አይደለም። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የፈለጉትን እንዲዋዋሉ ሰፊ ነፃነት ሰጥቷል፤ ዋጋው ደግሞ ዳኛው ውላቸውን እንዳያሻሽልላቸው መከልከሉ ነው። ቁጥር 1763 በግልጽ እንደሚለው፣ ውሉን መፈጸም ከታሰበው በላይ ከባድና አክሳሪ ቢሆንም እንኳ ዳኛው ሊለውጠው አይችልም።

የዚህን ድንጋጌ ክብደት ብዙ ሰው የተረዳው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ነው። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ዋጋን በብር ቆርጦ ጄኔሬተር፣ ሊፍት ወይም የሕክምና ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት የፈረመ አስመጪ ምን ያደርጋል? «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥር 1794 ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መጨመርንና የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር ከአቅም በላይ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። መፍትሔው በዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ቁጥር 1765 የውሉ የኢኮኖሚ መሠረት ቢናጋ መደረግ ያለበትን ማሻሻያ ገላጋይ ዳኛ እንዲወስን ተዋዋዮች ገና ሲዋዋሉ መስማማት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ዋጋውን በክፍያው ቀን ካለው የምንዛሪ ተመን ጋር የሚያስተሳስር ቀመርም መጻፍ ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ነበር ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ጥሩ የውል ጠበቃ ሲደራደር ብዙ አይናገርም፤ ይጠይቃል። ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ማን ነው? ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ በንግድ መዝገቡ ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተመዘገበው ማን ነው፣ እስከ ምን ድረስስ መፈረም ይችላል? ግለሰብ ከሆነ ባለትዳር ነው? ይህ ሐሜት አይደለም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማከራየት፣ ከ100 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ያዛል። በባልየው ፊርማ ብቻ ሚሊዮን ያበደረ ሰው ሚስትየው ውሉ ይፍረስልኝ ብላ ስትመጣ ይደነግጣል። የሚሸጠው ቤት ወይም መጋዘን ከሆነ ደግሞ ቁጥር 1723 አለ። የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በፍርድ ቤት ወይም ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት ያልተመዘገበ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ አይጸናም ብሏል። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ስለነበር፣ በወረቀት ብቻ ቤት የገዛ ሁሉ ነገሩ ነካው።

ዋስትናም እንደዚሁ ነው። «ዋስ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ካለ ባለገንዘቡ ይረጋጋል። ሕጉ ግን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበትን የዋስትና ውል ዋጋ አይሰጠውም፤ ቁጥር 1922 ነው። አንድ ቁጥር በመጉደሉ ብቻ ዋሱ ነፃ ይወጣል። ይህን ክፍተት ስለሚፈሩ ይመስለኛል ነጋዴዎች ለመያዣ ቼክ መቀበልን የመረጡት። ሁለቱም ወገኖች በሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ እያወቁ ቼክ ይጻፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ባንክ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። በዚህ አሠራር አልስማማም። የሁለት ነጋዴዎች የሒሳብ ጉዳይ የእስር ጉዳይ ይሆናል፣ የታሰረ ሰው ደግሞ ሠርቶ አይከፍልም። የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ማሽንን፣ የመጋዘን ዕቃን፣ ተሰብሳቢ ሒሳብን ሳይቀር አስመዝግቦ መያዣ ማድረግ ይቻላል። ለደንበኛው ይህን መንገድ የማያሳይና ቼክ ብቻ የሚያስጽፍ ጠበቃ ሥራውን በሚገባ ሠራ አልልም።

ውሉ ከተጣሰ በኋላ የሚጎዳው ደግሞ ችኮላ ነው። ባለመብቱ ተናድዶ ክስ ይመሠርታል፤ ተከሳሹ «ማስጠንቀቂያ አልተሰጠኝም» ይላል። ቁጥር 1772 ባለዕዳውን በማስጠንቀቂያ ማሳሰብን እንደ መነሻ ያስቀምጣል። ግዴታው በተቆረጠ ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ሆኖ ጊዜው ካለፈ ወይም ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። እንዲያም ሆኖ መቀበያ የተፈረመበት አንድ ደብዳቤ ብዙ ክርክር ያሳጥራል። ዕዳው በሰነድ የተረጋገጠና መጠኑ የታወቀ ከሆነ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 ጀምሮ ያለው አጭር ሥርዓት አለ፤ ተከሳሹ ለመከላከል አስቀድሞ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይኖርበታል። ንብረቱን ሊያሸሽ ነው የሚል በቂ ምክንያት ካለ ከፍርድ በፊት በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 ንብረቱን ማስከበር ይቻላል። በዚህ ነጥብ የዘገየ ጠበቃ ያሸንፍና ባዶ ሂሳብ ያገኛል።

ክርክሩ የት ይታያል የሚለውን አንቀጽ ብዙ ሰው በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌዎች ይታያል» ተብሎ ይጻፋል። ሽማግሌዎቹን የሚመርጠው ማን ነው? አንደኛው ወገን አልመርጥም ቢልስ? የሚሰጡት አስገዳጅ ፍርድ ነው ወይስ ማስታረቅ ብቻ? እነዚህ ሳይመለሱ የቀሩ እንደሆነ ፍሬ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት በሥልጣን ክርክር ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተዋዋዮች በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት የግልግል ፍርድ በሰበር እንዲታይ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሰበር ክፍት ይሁን ወይስ ይዘጋ የሚለው እንኳ ሲፈርሙ የሚወሰን ነገር ነው። ከውጭ ኩባንያ ጋር ለሚዋዋል ሰው ደግሞ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 የኒውዮርክን ስምምነት ማጽደቋ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ፍርድ እዚህ የሚፈጸምበት መንገድ ተከፍቷል፣ የእኛም በሌሎች አባል አገሮች።

ሙያው ራሱም እየተለወጠ ነው። ጠበቆች ለረዥም ጊዜ የሠሩት በየግላቸው ነበር፤ አንድ ሰው ለፍቺ፣ ለወንጀልና ለባንክ ብድር ውል አንድ ላይ ይቆም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቀደ። በግብር፣ በግንባታ፣ በኩባንያ ሕግ የተካኑ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ውልን ከሥሩ የሚያዩበት ዕድል መጣ። ለትንሹ ነጋዴ ግን ይህ ገና ሩቅ ነው። ሙሉ ድርድር የሚያስኬድ ጠበቃ ለመያዝ አቅም ባይኖረው እንኳ፣ ረቂቁን አንድ ጠበቃ እንዲያነብለት መክፈል በኋላ ለክስ ከሚወጣው የዳኝነት ክፍያና የጥብቅና አበል ጋር አይነጻጸርም።

ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ ሆነው በውክልና የሚገበያዩ ወገኖቻችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። «በሁሉም ጉዳይ ወክዬዋለሁ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቁጥር 2205 የሚዘረዝራቸውን ሥራዎች አያካትትም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መታረቅ፣ በግልግል መስማማት፣ ክስ ማቅረብና መከላከል እያንዳንዳቸው ተጽፈው መሰጠት አለባቸው። በሌላ በኩል ሁሉንም ለዘመድ በአንድ ወረቀት መስጠት የራሱ አደጋ አለው፤ ስለዚህ የጥብቅናውን ውክልና ለጠበቃው፣ የንብረቱን ለዘመዱ ከፍሎ መስጠት ይሻላል።

ከጠበቃው ጋር የሚደረገው ስምምነትም በጽሑፍ ይሁን፣ ተከፋፍሎም ይጻፍ፤ ድርድሩ ስንት፣ ክሱ ስንት፣ ይግባኙ ስንት እንደሆነ ይለይ። በተለይ አፈጻጸሙ በክፍያው ውስጥ መካተቱ ይጠየቅ። ፍርድ አግኝቶ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ቤቱ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ ማሳገድና ማስሸጥ ግን ራሱን የቻለ መዝገብ ነው፤ ይህም ሳይጠየቅ አሥር ዓመት ከሞላው በይርጋ ይታገዳል።