መንዙማው ተቀባይ እንዳያጣ

በየረመዳኑ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤና ካራ፣ በእንጦጦ ተራራ ሥር በተዘረጉት የየካ ሰፈሮች፣ የኢፍጣር ሰዓት ሲቃረብ ከሱቁም ከታክሲውም መንዙማና ነሺዳ ይሰማል። ብዙው ለዚሁ ወር ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ከወሩ የዘገየ ሥራ ገበያ ስለማያገኝ ግጥሙም ዜማውም በጥድፊያ ይሠራል።

ጥድፊያው ለመንዙማ እንግዳ ነው። መንዙማ ያደገው በወሎ ሸኾች ግቢና በሐድራ ላይ ነው። እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ ስመ ጥር ማዕከላት መውሊድ ሲከበር የተሰማው ግጥም በሰው ቃል እየተያዘ ወደየአገሩ ይሄድ ነበር። አርጎባው ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ የዘመናቸውን መከራ ጭምር በመንዙማ ገልጸዋል። ያ ግጥም ለሽያጭ የሚቸኩል አልነበረም።

አቀራረቡም ጊዜ ይፈልጋል። አላህን በማወደስ ይጀመራል፤ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ይወርዳል፤ በዱዓ ይዘጋል። መሪው ስንኙን ሲያወጣ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል፤ ድቤና ጭብጨባ ያጅበዋል። መሪው የጉባኤውን ስሜት እያየ ያረዝማል፣ ያሳጥራል። የመንዙማው ግማሽ የተቀባዩ ነው ማለት ይቻላል።

የገበያው ጫና የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ረጅሙ መንዙማ ይቆረጥ ነበር፤ የዩቲዩብና የቲክቶክ ተመልካች ደግሞ ያንን ያህልም አይታገሥም። ስለዚህ መግቢያው ያጥራል፣ ዱዓው ይዘለላል፣ የተቀባዮቹንም ቦታ አንዳንዴ በስቱዲዮ የተደራረበ የአንድ ሰው ድምፅ ይይዘዋል።

ሆኖም ሙንሺዱን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። እሱም የስቱዲዮ፣ የቀረጻና የቤት ወጪ አለበት፤ የደከመበት ሥራ ግን በፍላሽና በቴሌግራም በነፃ ይዞራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ሥራውን ሳንከፍል እየወሰድን «የዘንድሮ መንዙማ ለዛ የለውም» ብንል ማን ይሰማናል?

ከቤተሰብ የሚጠበቅ ነገር አለ። አንዱ ሥራውን ከባለቤቱ መግዛት ወይም በራሱ ቻናል ማዳመጥ ነው። ሁለተኛው የቀደምት ሸኾች ግጥም ሲዜም የደራሲው ስም እንዲጠራ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ገንዘብ አያስወጣም፦ ከተራዊህ መልስ ቡናው እስኪፈላ ስልኩን ማስቀመጥ፣ አያት ወይም እናት የሚያውቁትን መንዙማ እንዲመሩ መለመን፣ ልጆችም አዝማቹን እንዲቀበሉ ማድረግ። ገበያው ቢያሳጥረውም፣ ቤት ውስጥ ተቀባይ ያለው መንዙማ ለልጅ ልጅ ይደርሳል።