የቀለም ምስክርነት፦ አሮጌ የጠረጴዛ ስልኮችን መለየትና መሰብሰብ

በጎንደር ስለ ቅርስ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የፋሲል ግቢ፣ ቀጥሎም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቁስቋም ያሠሩት ግንብ ነው። የትናንቱ የቢሮ ዕቃ ግን ከቅርስ ስለማይቈጠር በቀላሉ ይጣላል ወይም ቀለም ተቀብቶ ለጌጥ ይሸጣል። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ በኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋውን አገልግሎት ከሚመሰክሩት ዕቃዎች አንዱ ባለ መደወያ የጠረጴዛ ስልክ ነው። ይህ ጽሑፍ የስልኩ ቀለም እንዴት እንደሚነበብና ሰብሳቢው ከምን መቈጠብ እንዳለበት ያስረዳል።

የቀድሞዎቹ የፕላስቲክ ስልኮች በአብዛኛው ጥቁር የሆኑት በምርጫ ብቻ አልነበረም። ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈለሰፈው ባኬላይት ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ የሚሠራ ሲሆን፣ በባሕርዩ ወደ ቡናማ የሚያደላና በብርሃን የሚጠቍር በመሆኑ ፈካ ያለ ቀለም አይዝም። ኤሪክሰን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው፣ ኖርዌያዊው ሠዓሊ ዣን ሄይበርግ ቅርጹን የነደፈው ዝነኛ ስልክም ከዚሁ የተሠራ ነው። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለዝሆን ጥርስ ቀለም ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ አስፈለገ። በብሪታንያና በአሜሪካ ባለቀለም ስልክ የፈለገ ደንበኛ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅ ስለ ነበር፣ ቀለሙ የተጠቃሚውን አቅምና ማዕርግ ጭምር ይጠቁማል። ኤቢኤስ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ሲስፋፋ ግን ቀለም የተለመደ ሆነ።

እውነተኛውን ቀለም ለመለየት በመጀመሪያ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ይታያል። የፋብሪካ ቀለም ከፕላስቲኩ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ በውስጥም፣ በብሎን ቀዳዳው ጠርዝም ይገኛል። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ወይም ጭረቱ ጥቁር ከሆነ ኋላ የተቀባ ነው። የኤቢኤስ ሽፋን በፀሐይ ብርሃን ስለሚቢጭም የመጀመሪያው ቀለም ብርሃን ባልነካው ስፍራ፣ ለምሳሌ በመነጋገሪያው ማረፊያ ሥር ይፈለጋል።

ሁለተኛው መለያ በመደወያው፣ በቃጭሉና በመነጋገሪያው ውስጥ የሚታተመው ዓመት ነው። ዓመቶቹ ቢለያዩ ስልኩን ወዲያው ሐሰተኛ ማለት አይገባም። የተበላሸ ክፍል በጥገና ይለወጥ ነበርና፣ ልዩነቱ ስልኩ ስንት ጊዜ እንዳገለገለ የሚናገር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ በቀላሉም የሚጠፋው፣ በመደወያው መካከል ያለው የቁጥር ወረቀት ነው። አንድን ስልክ ከአንድ ከተማና ከአንድ ቢሮ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ተመሳሳይ ስልኮች ከአንድ ፋብሪካ ወጥተዋል፤ በጎንደር ያገለገለውን ከሌላው የሚለየው ግን ቅርጹ ሳይሆን ወረቀቱና የተጠቃሚው ቃል ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢው ከማጽዳቱ በፊት ስልኩን ከውጭም ከውስጥም ፎቶግራፍ ሊያነሣ፣ የተገኘበትን ስፍራና የቀድሞ አገልግሎቱን ሊመዘግብ ይገባል። ለጽዳት በጥቂቱ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል፤ ብጫውን ለማንጣት የሚቀባው ፐርኦክሳይድም ሽፋኑን ሊያዥጐረጕር ይችላል፤ ብጫውም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የደበዘዘ ቀለም እንደ ደበዘዘ ቢቀመጥ ለኋላ ተመራማሪ ይነበባል፤ አዲስ ቀለም የተቀባበት ስልክ ግን የነበረበትን ዘመንና ስፍራ ከሽፋኑ ማንበብ አይቻልም።