ዘጠኝ ታንክ ከጭቃ

ታንክ ሲባል በዓይነ ሕሊናችሁ ምን ይታያችኋል? እኔ በበኩሌ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚታየኝ ቤት የሚያክል፣ ግንብ የሚደረምስ ብረት ነበር። ባለፈው ሴሚስተር ግን ለታሪክ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ይሆነናል ብለን የደምበጊናን ውጊያ በአሸዋ ገበታ ላይ ለመሥራት ስንነሳ፣ ልኩን በማስመሪያ አስልተን ብናየው ጉድ አልን። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ይዞብን የመጣው ሲ.ቪ. 33 የሚባለው ታንክ ከፍታው 1 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው ደረት ላይ ቢደርስ ነው! ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20 ያህል፣ ክብደቱ ከ3 ቶን ብዙ ያልበለጠ፣ ውስጡ ተጣበው የሚቀመጡት ሰዎች ሁለት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ ገበያ እህል ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ በቁመት አጥብቆ ይበልጠዋል።

ይህን ያህል ስለ ቁመቱ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። መማሪያ መጽሐፍ «ጠላት በታንክ መጣ፣ ጀግኖቻችን ታንኩን ማረኩ» ሲል ተማሪው ሁለት ነገር ያስባል፤ ወይ ተረት ነው ይላል፣ ወይ ደግሞ አባቶቻችን ተአምር ሠሩ ብሎ ያልፈዋል። በሁለቱም መንገድ ውጊያው እንዴት እንደሆነ አልገባውም ማለት ነው። ጭቃው ላይ የተሠራው ታንክና አጠገቡ የቆመው የጭቃ ሰው ግን ነገሩን በአንድ ጊዜ ያስረዱታል።

የሆነውም እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በፊታውራሪ ሺፈራው የሚመራው የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ግንባር ቀደም ጦር ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ አቅጣጫ ገሰገሰ። በዚያ የገጠመው ኃይል በጣልያን መኮንኖች የሚታዘዝ ሆኖ አብዛኛው ተዋጊ ኤርትራዊ ነበር፤ ዘጠኝ ታንኮችም ነበሩት። ይህ ኃይል ተገፍቶ በደምበጊና ማለፊያ ለመውጣት ቢሞክር ከፍታውን ኢትዮጵያውያን ቀድመው ይዘውት ቆዩት። አሁን ታንኩን ልብ ብላችሁ እዩት። በላዩ ላይ የሚዞር ማማ የለውም። መትረየሱ የተተከለው ከፊቱ ነው፤ ወደ ጎን ለመተኮስ ከፈለገ መላ አካላቱን ማዞር አለበት። በጠባብ መንገድ፣ በድንጋይ መካከል ምኑን ይዞራል? ጦረኞቹ በጎንና በኋላ እየተጠጉ፣ ጀርባው ላይ እየወጡ ተዋጉት። ታንኮቹም ተቃጥለው ወይም ተማርከው እዚያው ቀሩ።

(በነገራችን ላይ «ባንዳ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጭፍራ የሚጠሩበት ስም ነበር። በክፍል ውስጥ ይህን ስትነግሩ ተጠንቀቁ። ተማሪ ቃሉን ስድብ ብቻ አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ ከዚያኛው ወገን የሞተውም የሰው ልጅ ነው።)

ጦርነትን በትንንሽ ቅርጽ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። በፕሩሲያ ባሮን ራይስቪትስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ የጦር ጨዋታ ገበታ አቅርቦ ነበር፤ ልጁ በ1824 አሻሽሎት ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጨዋታ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ትርፍ ጊዜያቸውን በዚህ የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበረውን የጀርመን ብረት ለበስ ክፍለ ጦር መሥራት ነው። እውነተኛው ክፍለ ጦር ከ10,000 በላይ ሰውና በመቶ የሚቆጠሩ ታንኮች ስለነበሩት አንዱን ቅርጽ እንደ ብዙ ታንክ ይቆጥሩታል። የሚገርመው ታዲያ ጀርመን ራሷ በቬርሳይ ውል ታንክ ስለተከለከለች መጀመሪያ የተለማመደችው በመኪና ላይ በተገጠመ የእንጨትና የሸራ ታንክ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብረት ለበስ ክፍለ ጦሮች ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1935 ሲሆን፣ ጣልያን መረብን ተሻግሮ አገራችንን በወረረ በ12ኛው ቀን መሆኑ ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። እኛ የመረጥነው ልክ 1 ለ72 ነው፤ ይኸውም እውነተኛው ነገር 72 ጊዜ ያንሳል። ታንኩ 4 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ከፍታው 1.8 ይሆናል። ሰውየው 2.4 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ መሬቱን በዚሁ ልክ ብንሠራው አንድ ኪሎ ሜትር 14 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ከክፍሉ ወጥቶ ግቢውን ይይዛል! ስለዚህ ለመሬቱ ሌላ ልክ፣ 1 ለ500 ወሰድን። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር የሆነው ሳጥናችን 750 በ500 ሜትር ቦታ ያሳያል። ሁለት ልክ መሆኑን ለተማሪዎቹ በግልጽ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ታንኩ ከመንገዱ የሰፋ መስሏቸው ይስቃሉ።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው መሬቱ ነው። እኛ ታንክ ታንክ ስንል ቸኩለን መጀመሪያ ታንኮቹን ሠራን፤ ኋላ አሸዋውን ከምረን ኮረብታ ብናደርገው ደረቅ ስለነበር ተናደ። አሸዋው በውሃ ርሶ ከጥቂት አፈር ጋር መለወስ አለበት። ሁለት ኮረብታ፣ በመካከላቸው የሚጠብ መንገድ፣ በተረተሩ ላይ ጠጠር፣ እዚህም እዚያም የደረቀ ጭራሮ፤ ይህ ይበቃል።

ስለ ጭቃው ደግሞ የአሪ ሸክላ ሠሪ እናቶችን መጠየቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ታንኮቻችን ፀሐይ ላይ ስለሰጣናቸው ተሰነጣጠቁ። ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል ወይም ደቃቅ አሸዋ ሲገባ፣ በጥላ ሥርም ሦስት አራት ቀን ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይጸናል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ትንሽ አተልቆ መጀመር ያስፈልጋል። የሰንሰለቱን ጥርስ በማበጠሪያ ጫፍ እናትማለን፤ መትረየሱ የመጥረጊያ ስንጥር ነው። በዚህ ሥራ ከእኛ መካከል እጃቸው የተፍታታው ከቆላ የመጡት እጩ መምህራን ናቸው። በልጅነታቸው ከጭቃ ከብት ሲሠሩ ያደጉ ስለሆኑ ጭቃ ያዘዙትን ይሆንላቸዋል።

ቀለሙም ላይ እንደዚሁ ነው። ሙርሲና ቦዲ የከብት ቀለምን ለይቶ በመጥራት የታወቁ ናቸው፤ ሊቃውንት መጥተው አጥንተውታል። ስለዚህ «ታንኩ ዳለቻ ነው ወይስ ቡሬ?» ብሎ መጠየቅ ለእነርሱ ቀልድ አይደለም። የጀርመኖቹ ታንክ እስከ እ.ኤ.አ. 1943 መጀመሪያ ጥቁር ዳለቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መደቡ ብጫ ሆኖ በላዩ አረንጓዴና ቀይ ቡናማ ይረጭበት ጀመር። የ1944ን ታንክ ዳለቻ የቀባ ሰው በነዚያ ባለሙያዎች ዘንድ መሳቂያ ነው። የደምበጊናዎቹን በተመለከተ የዘመኑ ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ እኛ የመረጥነው ግራጫ አረንጓዴ ነው። ከሰል ከተፈጨ ጠመኔ ጋር፣ ጥቂት አረንጓዴ የውሃ ቀለም፣ ማጣበቂያው የግራር ሙጫ። ብሩሹ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ ነው። ጠቆር ያለውን መጀመሪያ ቀብቶ፣ ከደረቀ በኋላ ነጣ ያለውን በደረቅ ብሩሽ ጠርዙ ላይ ብቻ ዳበስ ማድረግ ነው። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ ላይ ቀይ አፈር ነፋ ነፋ ሲደረግበት ከሩቅ የመጣ ይመስላል።

የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። ታንክ በመንገድ ላይ በአንድ ተራ 20 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ በድንጋይ ላይ 5 ብቻ፤ በድንጋይ ላይ ዳይስ ተጥሎ 1 ከመጣ ሰንሰለቱ ወለቀ። ጦረኛ በማናቸውም መሬት 8 ይራመዳል። ታንኩ የሚመታው ከፊቱ በተዘረጋ ጠባብ የወረቀት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ነው፤ ዳይሱ 4፣ 5 ወይም 6 ከመጣ ጦረኛው ወደቀ። በኋላው የደረሰበት ታንኩን ያዘው። ስድስት ጊዜ ተጫውተን በማለፊያው ላይ አምስቱን ታንኮቹ ተሸነፉ። ከዚያ ኮረብታዎቹን ደልድለን ሜዳ አደረግናቸውና በዚያው ታንክ፣ በዚያው ጦረኛ፣ በዚያው ሕግ ሦስት ጊዜ ደገምን። ሦስቱንም ጊዜ ጦረኞቹ ከመድረሳቸው በፊት አለቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፊታውራሪ ሺፈራው ከፍታውን ቀድሞ ባይይዝ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ታዲያ አንዲት እጩ መምህርት «ካሸነፍን ጦርነቱን ለምን ተሸነፍን?» ብላ ጠየቀች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ማለትም ከዚህ ውጊያ በስምንተኛው ቀን፣ የጣልያን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ይህን ደግሞ በዳይስ የሚጫወቱት አይደለም። ለጋዝ ሕግ እናውጣ ያለ ነበር፤ እኔ ተቃወምኩ፣ መምህራችንም ደገፉኝ። ጨዋታው የሚያሳየው መሬትና መሣሪያ እንዴት እንደሚገጥሙ ነው፤ ከላይ የሚወርደውን መርዝ የጭቃ ሰው አያሳየውም። ስለዚህ ጨዋታው ሲያበቃ ገበታውን ሸፍነን ይህን ክፍል በቃል ነው የምንናገረው።

ሳጥኑ በአሁኑ ሰዓት በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍል በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ታንኮቹ ሰባት ደርሰዋል፤ ሁለቱ ጥላ ሥር እየደረቁ ነው። ጦረኞቹ ግን ገና 40 ናቸው፣ ቢያንስ 100 ያስፈልጉናል። እጁ ጭቃ የማይፈራ ሁሉ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ገል ያለው ይዞ ቢመጣ ይመረጣል።