ያውቁ ኖሯል? እጅዎ ላይ ያለው ሰዓት ልብዎን የሚቆጥረው በብርሃን ነው!

ሩጫ ሊጀምሩ ነው? ሰዓትም ገዝተዋል? እሰየው! እስቲ ያውልቁትና ጀርባውን ይዩት። ያቺ ብልጭ ድርግም የምትል አረንጓዴ መብራት ሥራ ላይ ናት! ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብዎ በመታ ቁጥር ወደ እጅዎ አንጓ ብዙ ደም ይመጣል፤ ተመልሶ የሚወጣው ብርሃን ያንሳል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው! መርፌ የለ፣ ሽቦ የለ!

ንቅሳት ግን ይህን ብርሃን ሊጋርደው ይችላል! ብርድም አይመቸውም፤ ሲበርድዎት ደም ከቆዳ ይሸሻልና!

አንዳንዱ ሰዓት ሙዝ ላይ ቢያስሩትም የልብ ምት ያነባል! የሶፍት ጥቅል እንኳ “ልብ” ተገኝቶለታል!

ይህን ደግሞ ጀማሪ ሯጭ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል፦ ሰዓትዎ እግርዎን ልብ ነው ብሎ ሊቆጥር ይችላል! ቀስ ብለው፣ ከጓደኛዎ ጋር እየተጫወቱ፣ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ይሮጣሉ እንበል። ሰዓቱ በድንገት 170 ይላል! በደቂቃ የሚረግጡት እርምጃም 170 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ክንድዎ ሲወዛወዝ የላላው ሰዓት አብሮ ይነጥራል፤ ሴንሰሩም የእርምጃውን ምት ይዞ ቁጭ ይላል! ከአንጓው አጥንት ትንሽ ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ብርሃን አያስፈልገውም! እሱ የሚከታተለው የልብን ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ከመሮጥዎ በፊት ውኃ ያስነኩት፤ ሲደርቅ ምልክቱን በደንብ አይዝም!

ሽቦ አልባውን የልብ ምት መለኪያ ለዓለም ያበረከተችው በረዷማዋ ፊንላንድ ናት! ፕሮፌሰር ሴፖ ሳይናያካንጋስ እ.ኤ.አ. በ1977 ፖላር የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ በ1982 መሣሪያው ገበያ ላይ ዋለ።

ከዚያ በፊትስ? ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሠሩት የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር! ለማሠራትም አምስት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር! ታካሚው ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን የጨው ውኃ ባለባቸው ዕቃዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዛሬ ይህንን ሥራ አንዳንድ የእጅ ሰዓት ይሠራዋል፤ ጣትዎን ጠርዙ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው!

ከፍተኛውን የልብ ምት ለመገመት “ከ220 ላይ ዕድሜዎን ይቀንሱ” የሚለውን ስሌት ሰምተው ይሆናል። ሌላም አለ፦ ዕድሜዎን በ0.7 አባዝተው ከ208 ይቀንሱ። የ40 ዓመት ሰው በሁለቱም 180 ያገኛል! የ60 ዓመቱ ግን በአንዱ 160፣ በሌላው 166! ሁለቱም ግምት ናቸው፤ የእርስዎ ልብ ከሁለቱም ሊለይ ይችላል።

የሮጡትን ርቀት የሚነግሩዎት ሳተላይቶች ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው! የእነሱ ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጥናል፤ አንስታይን እንዳለው! ካልታረመ ስሕተቱ በቀን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል!

ከዋሽንግተን ለእረፍት መጥተው አዲስ አበባ ላይ ሮጠዋል? ፍጥነትዎ ያው፣ የልብ ምትዎ ግን ከፍ ያለ! ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነዎት፤ አየሩ ስስ ነው።

ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ የልብ ምትዎ ሊጨምር ይችላል! “ልሮጥ ነው” ብለው ማሰብዎ ብቻ ልብን ያነቃዋል!

እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2:12:11 አሸነፈ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው! በዓመቱ እዚያው ጃፓን አንድ እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ቀረበ፤ የንግድ ስሙም 10,000 እርምጃ የሚል ነበር። ሰዓትዎ ዛሬም “10,000 ይሙሉ!” እያለ የሚወተውትዎ ከዚያ ስም ተነሥቶ ነው!